የእታለም ድስት

እሬት፣ ቁልቋልና ቅንጭብ በልጅነታችን የቤት ተክሎች አልነበሩም። ቦታቸው ውጭ ነበር፤ ውጭ ሲባልም ከአጥር ሥር፣ ከገደል አፋፍና ከመቃብር ራስጌ። የእናቴ ወገኖች አገር ኮምቦልቻ አካባቢ ነው። ለዕረፍት ወደዚያ ስንላክ ቁልቋሉ ክንዶቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ ዳገቱን ሞልቶ ይቀበለናል። ቅንጭብ የከብቱን በረት ያጥራል። እሬት ደግሞ በሙስሊሞቹ መቃብር ላይ ተተክሎ፣ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ባለቀበት ጊዜ ቀይ አበባውን ያወጣል። «ማን ያጠጣዋል?» ብዬ አጎቴን ብጠይቀው «እሱን ማንም አያጠጣውም፤ ለዚያ እኮ ነው የተተከለው» አለኝ።

ልጅ ከሦስቱም ጋር እንዲጫወት አይፈቀድለትም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል እንባል ነበር። ይህ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሞችም የሚያውቁት ጉዳት ነው። ከእሬት ጋር ያለኝ ትውውቅ ግን እኔ ከማስታውሰው በፊት ይጀምራል። እናቴ ጡት ያስጣለችኝ ያን ቢጫ ፈሳሽ ቀብታ እንደሆነ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል፤ ያን ዕለት ፊቴን እንዴት እንዳጨማደድኩም በየበዓሉ ይተረካል።

እነዚህን ተክሎች ከደጅ አንስታ ሳሎኗ መስኮት ላይ የምታስቀምጠው እታለም ትሆናለች ብሎ የገመተ አልነበረም። እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ስሟ ሌላ ቢሆንም ከታናናሾቿ አፍ ተነስቶ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት በዚህ ነበር። እሾህ ያለው ነገር ቤት ከገባ ጠብ ይዞ ይገባል ብላ የምታምን ሴት ናት። ልደታ፣ ከሌሎች አባወራዎች ጋር በምትጋራው ግቢ ውስጥ በቀበሌ ቤት ስትኖር፣ አበባ ማለት ለእሷ ጽጌረዳና ጤና አዳም፣ በሶብላና ዳማከሴ ነበር። የኒዶ ጣሳ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ እጀታው የተነቀለ ባልዲ፣ ሁሉም ሥሩ ተበስቶ አፈር ይሞላና ከደጃፏ ይደረደራል። እንዳሁላና አንድ የእሬት ጉቶም ነበሯት። እነሱ ግን ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ማንም ዞር ብሎ በማያያቸው ጥግ ነበሩ፤ ሰው እብጠት ወይም ቃጠሎ ሲያጋጥመው ብቻ ይፈለጋሉ።

በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ልደታ ፈረሰ። እታለም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ዕቃዋን የጫነው አይሱዙ ላይ ጣሳዎቹን በሙሉ አሳፍራቸው ነበርና ሾፌሩ «እማማ፣ አፈር ነው የሚያመላልሱኝ?» ብሎ አጉረመረመ። ከዶሮ ወጥ በቀር ሌላ ተሠርቶበት የማያውቀው ትልቁ የሸክላ ድስትም አብሮ ተጫነ። መንገድ ላይ ከሥሩ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ።

አዲሱ ቤት ከአሮጌው በብዙ ነገር ይሻላል፤ እታለም ራሷ ይህን ትክድ አልነበረም። የማይሻልበት በውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፣ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ደግሞ ግፊት ያጥረዋል። ስለዚህ ጀሪካኑ ከታች ካለው ቧንቧ ተሞልቶ በሰው ጫንቃ ደረጃውን ይወጣል። እንዲህ የወጣ ውሃ መጀመሪያ ለመጠጥና ለወጥ ነው፣ ቀጥሎ ለዕቃ፣ ቀጥሎ ለልብስ። ተክል ወረፋው ሲደርሰው ጀሪካኑ ባዶ ነው። በሶብላው ወር አልቆየም። ጽጌረዳው ቅጠሉን አራግፎ በትር ሆኖ ቀረ። ጤና አዳምን ስኒ በተለቃለቀበት ውሃ ልታቆየው ሞክራ ነበር፤ የካቲት ላይ እጅ ሰጠ። በጋው ሲያልቅ በረንዳው ላይ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፣ እንዳሁላውና እሬቱ። እንዲያውም አምሮባቸው ነበር።

በየመጽሔቱ ላይ እንዲህ ያሉ ተክሎችን በአንድ ሳህን ሰብስቦ መትከል እንደ ጌጥ ምርጫ ሆኖ ሲቀርብ የምስቀው ለዚህ ነው። የእታለምን ተክሎች የመረጠው የውሃ ፈረቃው ነው።

የተሰነጠቀውን ድስት አልጣለችውም። «ዶሮ የሠራሁበትን ድስት ገንዳ ላይ ውሻ እንዲልሰው አላደርግም» ብላ አንድ ቅዳሜ ጠራችኝ። እንዳሁላውንና እሬቱን ልትተክልበት አፈር ፈለገች። ከብሎኩ ሥር ያለውን ጥቁር ዋልካ ዘግኜ ባመጣላት በጣቶቿ ጨምቃ አየችውና መለሰችልኝ። ዋልካ ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ከዚያ የላከችኝ ሊገባኝ ወደማይችል ቦታ ነበር፦ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ብሎኬት ማምረቻ። እዚያ የተከመረውን ነጣ ያለ ፑሚስና ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር በፌስታል እንዳመጣላት ነገረችኝ። ከየት አወቀችው? ታክሲ ስትጠብቅ ታየዋለች ለካ። «ዝናቡ ሲያባራ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው፣ ያ ክምር ግን ወዲያው ደረቅ ይላል» አለችኝ።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት እነዚህን ተክሎች የሚያሳድጉ ሰዎች በውጭ አገር ገንዘብ ከፍለው በከረጢት የሚገዙት ይህንኑ ፑሚስ ነው። ውስጡ ባዶ ባዶ ስለሆነ ትንሽ ውሃ ይይዛል፣ የቀረውን ያሳልፋል፣ ለሥሩም አየር ይተውለታል። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ሲፈነዱ የተፉት ድንጋይ ነውና እኛ ዘንድ ግድግዳ ይሠራበታል። ሁለት እጅ ከእሱና ከቀዩ ጠጠር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ አድርጋ በሰፌድ አዋሃደችው።

ከድስቱ ሥር ገል ደረደረች፤ ውሃው እንዲወርድ ነው አለች። ይህ ምክር ዛሬም በየችግኝ መሸጫው ይሰጣል፤ ልክ አይደለም። ደቃቅ አፈር ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ካልረሰረሰ በቀር ወደ ሻካራው ጠጠር አያሳልፈውም። ስለዚህ ከሥር የተደረደረው ድንጋይ እርጥበቱን አያስወግደውም፣ ወደ ሥሮቹ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። ድስቱን ያዳነው ስንጥቁ ነው። ሥሩ ያልተበሳ ውድ ሳህን ውስጥ እነዚህን ተክሎች መትከል ቀስ ብሎ መግደል ነው፤ የመስታወት ማሰሮማ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ከታችም ከላይም መውጫ የለውም። መሰርሰሪያ ያለው ሰው ይሰርስረው፣ የሌለው የተሰነጠቀ ይፈልግ።

እንዳሁላውን ቆርጣ ወዲያው አልተከለችውም። ቁራጮቹን ጋዜጣ ላይ ዘርግታ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አሳደረቻቸው፤ «ቁስሉ ይሻር» ትላለች። ለምለም ቁራጭ እርጥብ አፈር ሲነካ በቁስሉ በኩል ይበሰብሳል፤ ጥቂት ቀን፣ ወፍራም ከሆነም ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ከቆየ ቆዳ ያበጃል፣ ከዚያ በኋላ ሥር ለመስደድ አይቸገርም። እሬቱን ግን መቁረጥ አላስፈለጋትም፤ ከእናቱ ጎን የወጡትን ግልገሎች ከነሥራቸው ገንጥላ ዙሪያውን አስቀመጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ ድስቱ የእሷ ብቻ መሆኑ ቀረ። ልደታ አብረዋት የኖሩት ጎረቤቶች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነው ነበር፤ የጀሞ ደረጃ ላይ የምታገኛቸው ሰዎች የማታውቃቸው ነበሩ፣ በር ዘግተው የሚውሉ። የድስቱን ወሬ ሰምታ መጀመሪያ የመጣችው ፊት ለፊት ያለችው የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ቅጠሏ እንደ ሳንቲም የሆነች ጄድ የምትባል ተክል ቁራጭ ይዛ መጣች። ጄድ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ረጅም፣ ግንዷም ውሎ አድሮ የዛፍ ቅርጽ የሚይዝ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ አበባ እርሻ ትሠራ የነበረች ልጅ ጽጌረዳ የመሰለ ሰማያዊ ኤቼቬሪያ አመጣች። አመጣች ስል አንድ ቅጠል ነው ያመጣችው። አፈሩ ላይ እንዲሁ አጋደመችው፤ እታለም ቀልድ መሰላት። ቅጠሉ እየተጨማደደ ከጫፉ እንደ ፀጉር ቀጭን ሥር፣ ቀጥሎም ከጥፍር ያነሰች ሙሉ ተክል ሲያወጣ ግን ያገኘችውን ሁሉ እየጠራች አሳየች። የኤቼቬሪያ አገር ሜክሲኮ ነው፤ ስሟንም የወሰደችው አታናሲዮ ኤቼቬሪያ ከተባለ የዚያው አገር የእጽዋት ሠዓሊ ነው።

ከዱባይ የተመለሰች ሌላ ጎረቤት ደግሞ የበረሃ ጽጌረዳ ይዛ መጣች፤ ግንዷ ከሥሯ ያበጠ፣ አበባዋ ሮዝ። ለዓመታት በሰው ቤት ስትሠራ ያጠራቀመችው ብዙው አልቆ ከቀሯት ጥቂት ነገሮች አንዷ ነበረች። ያቺ ተክል ከድሬዳዋ ወደ ቆላው ሲወረድና በሶማሌ ክልል ሳይተክሏት የምትበቅል መሆኗን ስነግራት «ታዲያ እኔ ከባሕር ማዶ ነው የተሸከምኳት?» ብላ እስክታነባ ሳቀች። እታለም ቦታ ሰጠቻት፤ መካከል ላይ።

እታለም ተክሎቹን በሰጪዎቹ ስም ትጠራቸው ጀመር። «የባንኳ አንገቷን አስረዘመች» ካለች ጄዷ ብርሃን አንሷታል ማለት ነው። ይህ በእውነት ክረምት ላይ ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ስትጠፋ ተክሎቹ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛሉ፣ ቅጠላቸው ይራራቃል፣ መልካቸው ይገረጣል። ያኔ ውሃ ከጨመሩባቸው ያልቃሉ። መስኮቱም ነገር አለው። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀሩት ወራት በደቡብ። አውሮፓ የተጻፈው መጽሐፍ «ደቡብ መስኮት» ብሎ ይገላግለዋል። እታለም ግን ድስቱን በፋሲካ ወደ ኩሽናው መስኮት፣ በመስቀል ደግሞ ወደ ሳሎኑ ታዞረው ነበር፤ መጽሐፍ ያላየች ሰው ናት።

ውሃ የምታጠጣው ፈረቃው ሲመጣ፣ ያውም ሁልጊዜ አይደለም። ለሞሰብ ከሚሰፋው ስንደዶ አንድ ዘለላ መዝዛ አፈሩ ውስጥ እስከ ታች ትወጋዋለች፤ አፈር ይዞ ከወጣ ለሚቀጥለው ፈረቃ ይተላለፋል። ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስንጥቁ በኩል እስኪንጠባጠብ ታጠጣዋለች። ጠብታ ጠብታ እያደረጉ በየቀኑ የሚያጠጡ ሰዎችን አትወድም ነበር፤ እውነቷን ነው፣ እንዲህ ሲሆን ላዩ ይረጥባል ታቹ ግን ደርቆ ይቀራል፣ ሥሩም ወደ ላይ ይሰበሰባል።

የእነዚህ ተክሎች ቁጥብነት ምሥጢሩ ሌሊት ላይ ነው። ሌላው ተክል ለእስትንፋስ ቀዳዳዎቹን ቀን ይከፍታል፤ አየር ሲገባ ውሃው በዚያው ይተናል። እነዚህ ግን በሙቀት ሰዓት ዘግተው ይውላሉ። ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ይከፍቱና የሚያስፈልጋቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስበው በቅጠላቸው ውስጥ አሲድ አድርገው ያኖሩታል፣ ሲነጋ በፀሐይ ይጠቀሙበታል። እታለም በፈረቃ ሌሊት ነቅታ ጀሪካን ሞልታ ቀኑን በዚያ እንደምትውለው መሆኑ ነው። ነገሩን ቀድመው ከደረሱበት ሰዎች አንዱ በምላሱ ነው የደረሰበት። ቤንጃሚን ሄይን የሚባል፣ ህንድ ውስጥ የሚሠራ የእጽዋት ተመራማሪ የእንዳሁላን የቅርብ ዘመድ ቅጠል ጠዋት ሲያኝከው ይኮመጥጠዋል፤ ቀኑ ሲገፋ ኮምጣጣነቱ ይጠፋል። ይህንኑ በደብዳቤ ጽፎ በ1815 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ታተመለት። አንባቢዬ ቤቱ ያለውን እንዳያኝክ፤ ከወገኑ መርዛማ የሆኑ አሉበት።

አንድ በጋ ቅጠሎቹ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ታየ። ጥጥ አይደለም፤ ሰም የለበሰ፣ ጭማቂ የሚመጥ ነፍሳት ነው። የባንኳ መድኃኒት ይረጭ አለች። እታለም ብርጭቆ ውስጥ ዳግም አረቄ ቀድታ፣ በጥጥ እያጠቀሰች አንድ በአንድ ጠረገቻቸው። አልኮል ሰሙን ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ሥራው ትክክል ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ግን ጠንካራ ስለሆነ ይበልጣል። እሷ የምትቀበለው ክርክር አልነበረም። የተረፈውን ለመጣው እንግዳ ቀዳችለት።

አሁን አሁን ቦሌ ወይም ሲኤምሲ በኩል ሳልፍ በነጭ ሴራሚክ የተተከሉ «ሰኩለንቶች» ተደርድረው አያለሁ። በቀለም የተቀቡ፣ ጠጠራቸው በሙጫ የተጣበቀ፣ እሾሃቸው ላይ የደረቀ አበባ የተለጠፈባቸው አሉ። ሙጫው ውሃ አያሳልፍም፣ ቀለሙ ብርሃን ይከለክላል፤ ገዢው ሲሞትበት እጄ አይባረክም ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ከመካከላቸው የከብት በረት ያጥር የነበረው ቅንጭብ፣ ያውም ቁመቱ ስንዝር ያልሞላ፣ በዶሮ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ለእታለም ነግሬያት ነበር። «አጥራችንን ነው የሸጡልን» አለች።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በየመደርደሪያው ያለው እሬት አንድ ዓይነት ነው፤ ከዓረብ ምድር የመጣው አሎቬራ። የእኛ ግን ብዙ ናቸው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እሬቶች መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ሳገላብጠው የአገሬን ካርታ የማነብ መሰለኝ። የአንኮበርን ስም የያዘ እሬት አለ፣ የደብረ ሲናን፣ የደብረ ብርሃንን፣ የያቤሎን፣ የአዲግራትን። አንዳንዶቹ ከአንድ አካባቢ ገደል ውጭ በዓለም ላይ የሉም። ለዚህ ነው ነቅሎ ማምጣት የማይገባው፤ የዱር እጽዋትና እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከአሎቬራ በቀር እሬቶችን በሙሉ በዝርዝሩ አስገብቷቸዋል። አንድ ጎረቤት ከአንኮበር ጉዞው ሥሩ የተገነጠለ እሬት በኮቱ ሸፍኖ አምጥቶ ለድስቱ ሲያበረክት እታለም አልተቀበለችውም። «የገደሉን ለገደሉ ተውለት፤ ግልገል ሲያወጣ ለምነህ ታመጣልኛለህ» አለችው። ከማን እንደሚለምን አልነገረችውም።

እታለም ካረፈችና አርባዋ ከወጣ በኋላ ቤቱን ለማስረከብ ዕቃዋን ስንሰበስብ ጎረቤቶቿ መጡ። ድስቱ ይከፈል ተባለ። የባንኳ የራሷን ብታውቅም ጄዷ ስድስት ቦታ ተቆርጣ ተተክላ ስለነበር የትኛዋን እንደምትወስድ ግራ ገባት። የዱባይዋን ሲነቅሏት ሥሯ የእሬቱን ግልገሎች ሁሉ አቅፎ ብቅ አለ፤ ደንግጠው መልሰው ቀበሯት። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ድስቱ እንዳለ ደረጃው ማረፊያ ላይ፣ ብርሃን በሚያገኘው በኩል እንዲቀመጥ ወሰኑ። ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። የማንም ስላልሆነ የሁሉም ሆነ። አንዱ ጠዋት ሲወጣ ከኮዳው ያፈስበታል፣ ሌላዋ ማታ ስትገባ፣ ልጆቹ በየመካከሉ። ኤቼቬሪያው ቅጠሉ ውሃ አቁሮ ይፈርጥ ጀመር። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፦ «ውሃ ማጠጣት ፈጽሞ ክልክል ነው»። ከሥሩ የብሎኩ ኮሚቴ ማኅተም አለበት። ከማኅተሙ ሥር ደግሞ አንድ ልጅ በእርሳስ «ለዝናብም ንገሩት» ብሎ ጽፏል።